ከቆራሌው ቀድማችሁ ሰብስቡ፦ ተሸክማችሁ የምትሄዱት ትሬቡሼ አሠራር

የመጀመሪያው ውርወራችን ወደ ኋላ ሄደ። የካልሲ ኳሷ ቀጥ ብላ ሰማይ ወጣች፣ አናታችን ላይ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ከጀርባችን ባለው የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ጓ ብላ አረፈች። እትዬ ብቅ አሉና «ምነው ልጆቼ፣ በጠራራ ፀሐይ በረዶ ጣለ እንዴ?» አሉን። የእህቴ ልጅ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የለፋሁበት ዕቃ ስለሆነ ሳቁ አልመጣልኝም።

ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም። ጫፉ ላይ ያለችው ምስማር ቀጥ ብላ ስለቀረች ነው። በፒንሳ ትንሽ ጎበጥ አደረግኳት። የሚቀጥለው ውርወራ 18 ሜትር ወደ ፊት ሄደ። የአንዲት ምስማር ጉብጠት ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እንጨቱን በማሳመር ብቻ መድከም ዋጋ የለውም ማለት ነው። የዚህ ዕቃ ነፍሱ ያለችው ከጫፉ ላይ በተንጠለጠለው ገመድ ነው።

ትሬቡሼ ማለት

ትሬቡሼ የጥንት ድንጋይ መወርወሪያ ነው። እንደ ላስቲክ ወንጭፍ በመለጠጥ አይሠራም። አንድ ረጅም እንጨት፣ ማለትም ክንዱ፣ በዘንግ ላይ ይቀመጣል፤ አጭሩ ጫፍ ላይ ከባድ ነገር፣ ማለትም ጭነቱ፣ ይንጠለጠላል፤ ረጅሙ ጫፍ ላይ ወንጭፍ ይታሰራል። ከባዱ ሲወድቅ ረጅሙ ጫፍ ይወነጨፋል። በቃ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1304 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በስኮትላንድ የስተርሊንግን ምሽግ ሲከብ «ዋርዎልፍ» የሚባል ግዙፍ ትሬቡሼ አሠርቶ ነበር። በዘመናችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእንግሊዙ ዋሪክ ካስል የተሠራው 18 ሜትር ቁመትና 22 ቶን ክብደት ነበረው። የእኛ ቁመቱ ከወገብ ብዙም አይበልጥም።

ገጠር ያደገ ሰው ግን የዚህን ማሽን ግማሽ ቀድሞ ያውቀዋል። ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን እንዴት እንደሚይዝ አስታውሱ። አንዱ ጫፍ ጣቱ ላይ ተጠልቋል፤ ሌላውን ቆንጥጦ ይዞታል። ያሽከረክራል፤ በትክክለኛዋ ቅጽበት የቆነጠጠውን ይለቃል። ትሬቡሼም ልክ እንደዚያው ነው። አንዱ ገመድ ከእንጨቱ ጋር ታስሯል፤ ሌላው ምስማር ላይ ተሰክቷል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሾልኮ ይወጣል። የልጁን ጣት ምስማር ተክቶታል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ደግሞ ሁለተኛውን ምስጢር ያውቃል። እጅ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ጫፉ ግን ይተኮሳል።

የሚያስፈልገው ቅራቅንቦ

ከመግዛታችሁ በፊት ግቢያችሁን ዙሩ። እኔ ያወጣሁት ገንዘብ የቡሎንና የዳዶ ብቻ ነው። እነሱንም ቢሆን ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ ከተፈታ ዕቃ ውስጥ ብትለቅሙ በርካሽ ታገኛላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሱቆች ከጓሮ የሚጥሉት ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) አለላችሁ። ብቻ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ለመሠረቱ የቤት ጣሪያ ሲሠራ የተረፈ ሞራሌ ፈልጉ፤ 1 ሜትር የሆነ ሁለት፣ 60 ሳንቲም የሆነ ሁለት። ለእግሮቹ 9 ሳንቲም ያህል ስፋትና 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው የፓሌት ጣውላ ይበቃል፤ እያንዳንዱ 80 ሳንቲም የሆነ አራት። ለክንዱ ተመሳሳይ ጣውላ፣ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም። ይህን በደንብ ምረጡት። የእንጨት ዓይን ካለበት ተዉት፤ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ለኳሷ መንሸራተቻ የሚሆን 1 ሜትር ለስላሳ ጣውላም ጨምሩ።

ዘንጉ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልሙጥ ብረት ይሁን፤ 55 ሳንቲም ርዝመት። የተሰበረ የብረት አልጋ ወይም የድሮ መስኮት ፍርግርግ ውስጥ አይጠፋም። ከግንባታ የተረፈ ባለ 12 ፌሮም ይሠራል፤ ግን ጎርባጣውን መሃሉን በሞረድ አለስልሱት። ከዚህ ሌላ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ የተበሳ ከመነዳሪ፣ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ፣ አሮጌ ጂንስ፣ የቁልፍ ቀለበት፣ ባለ 10 ምስማር። አሸዋውን የትም ታገኛላችሁ።

መሣሪያው መጋዝ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሜትርና መሰርሰሪያ ነው። መሰርሰሪያ ከሌላችሁ ሰፈር ያለ እንጨት ቤት ሄዳችሁ «ቀዳዳ ብቻ ብሱልኝ» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደሆነ ከነገራችኋቸው በነፃ ይበሱላችኋል፤ አንዳንዴም አብረው ሊሞክሩ ይመጣሉ።

መሠረቱና እግሮቹ

ሁለቱን አጫጭር ሞራሌ መሬት ላይ አጋድሙ። ረጃጅሞቹን ከላያቸው አስቀምጡ፤ በመሃላቸው 30 ሳንቲም ክፍት ይኑር። አጫጭሮቹ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ጫፍ አጠገብ ይሁኑ፤ መሃል ላይ ምንም እንዳይኖር። አጫጭሮቹ በጎን በጎን 10 ሳንቲም ያህል ይተርፋሉ፤ አትቁረጧቸው፤ በኋላ ገመድ እናስርባቸዋለን። አራቱንም መገናኛ በቡሎን እሰሩ። ምስማር ከመታችሁበት ተሸካሚነቱ አበቃ። በእጅ የሚጠብቅ ባለ ጆሮ ዳዶ ካገኛችሁ ደግሞ መፍቻ መያዝም አይጠበቅባችሁም። መንሸራተቻውን ጣውላ በሁለቱ ረጃጅም ሞራሌዎች መሃል፣ አጫጭሮቹ ላይ አንጥፉት።

አሁን እግሮቹ። በየጎኑ ሁለት ጣውላ ከላይ ተመሳቅሎ እንደ ባላ ይሆናል፤ ዘንጉ የሚያርፈው ባላው ላይ ነው። እዚህ ጋ አንድ ጉድ ሠርቻለሁ። 65 ሳንቲም ቁመት እፈልግ ነበርና የመስቀለኛውን ቡሎን ልክ 65 ላይ በሳሁት። ሳቆመው ዘንጉ 75 ላይ ተቀመጠ! ለካ ባላው የሚጀምረው ከቡሎኑ 10 ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ጣውላው ሰፊ ስለሆነ። ክንዱ ተጎትቶም ከኋላኛው ሞራሌ አልደረሰ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ስለዚህ እናንተ ሜትሩን ከባላው ሥር ለኩ። ሁለቱን ጣውላዎች ወለል ላይ ዘርጉ፤ ከታች እግሮቻቸውን 60 ሳንቲም አራርቁ፤ ከላይ አመሳቅሏቸው። ባላው ሥር፣ ማለትም ዘንጉ የሚተኛበት ቦታ፣ ከታች 65 ሳንቲም እስኪሆን አንሸራቱ። ያኔ መስቀለኛውን በእርሳስ አመልክቱና ብሱት። ሁለተኛውን ጥንድ በመጀመሪያው ላይ ደርባችሁ ብሱ፤ ሁለቱ ጎን ካልተካከለ ክንዱ ያነክሳል።

እግሮቹን በረጃጅሞቹ ሞራሌዎች የውጭ ጎን በቡሎን አያይዙ። ተመሳቅለው ስለሚያልፉ አንዱ ከሌላው በጣውላ ውፍረት ይርቃል። በሚርቀው እግርና በሞራሌው መሃል 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው የጣውላ ቁራጭ ጨምሩ። ይህን ዘላችሁ ቡሎኑን ካጠበቃችሁ ጣውላው ይጣመማል፤ ሲቆይም ይሰነጠቃል።

ዘንግና ክንድ

ክንዱ ላይ ሦስት ቦታ አመልክቱ። ከአንዱ ጫፍ 3 ሳንቲም ገባ ብሎ የጭነቱ ቀዳዳ። ከዚያ 20 ሳንቲም ርቆ የዘንጉ ቀዳዳ። ከዘንጉ 80 ሳንቲም ርቆ የምስማሯ ጫፍ። አንድ ለአራት ነው ሒሳቡ። ለዘንጉ 13 ሚሊ ብሱ፤ ዘንጉ ሳይጨነቅ መሽከርከር አለበት። የዘንጉ ቀዳዳ ያለበትን ቦታ በሁለት በኩል 20 ሳንቲም በሆነ ጣውላ ደርቡት፤ ቀዳዳ የበላውን ጉልበት ይመልስለታል።

ረጅሙን ክንድ ወደ ጫፉ እያሳነሳችሁ ጥረቡት፤ ከ9 ሳንቲም ተነስቶ ጫፉ ላይ 4 ያህል ይሁን። ከባድ ጫፍ የኳሷን ጉልበት ይበላል። አጭሩን ግን እንዳለ ተዉት።

ዘንጉን ክንዱ ውስጥ አሳልፉ፤ ቫዝሊን ወይም የሻማ ሰም ቀቡት። ክንዱ መሃል እንዲቆም በግራና በቀኝ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበትን ፕላስቲክ ቱቦ ቆርጣችሁ ዘንጉ ላይ አልብሱ። ባላው ላይ አስቀምጡና ሁለቱንም ጫፍ በከመነዳሪ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ ከዘንጉ ጫፎች ወደ ታች፣ ለተረፉት የሞራሌ ጫፎች ገመድ ወጥሩ፤ በየጎኑ ሁለት። ድንኳን እንደመወጠር ነው። ያለዚህ ማሽኑ ሲወረውር ወደ ጎን ይደንሳል።

ጭነቱ

ጀሪካኑን አሁን አትሙሉት። መጀመሪያ አጭሩ ጫፍ ላይ ባለው ቀዳዳ ቡሎን አሳልፉ፤ በሁለቱም በኩል ይትረፍ። ጀሪካኑን በገመድ በመስቀለኛ፣ በሥሩም ጭምር ጠፍንጋችሁ እሰሩ። መያዣውን ብቻ አትመኑ፤ ሲወርድ የሚያርፍበት ጉልበት ከክብደቱ እጥፍ ድርብ ነው። ከቡሎኑ እስከ ጀሪካኑ አናት 8 ሳንቲም ያህል ገመድ ይበቃል። ሰፊው ፊቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሁን። ክንዱን በባዶው አሽከርክሩና ጀሪካኑ ከታችም ከጎንም የትም እንደማይነካ እዩ። ክንዱ ተጎትቶ ሲታሰር ጀሪካኑ እንጨቱን ደገፍ ቢል ግን አትጨነቁ፤ መውረድ ሲጀምር ይላቀቃል።

ደረቅ አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 4 ሊትር ብትጨምሩ ከ6 ኪሎ በላይ ሆነ ማለት ነው። ጥሩው መነሻ ጭነቱ የኳሷን መቶ እጥፍ እንዲሆን ነው። የቴኒስ ኳስ 58 ግራም አካባቢ ስለሆነች ልክ ትገጥማለች። የካልሲ ኳስም በሚዛን 60 ግራም እስክትሆን ጨርቅ መጠቅጠቅ ትችላላችሁ። ልጅ እያለን የምንጠልዛትን አስታውሱ፤ የብርቱካን ያህል ትበቃለች።

ወንጭፉ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ከጂንሱ 18 በ10 ሳንቲም ቁራጭ አውጡ። አራቱን ማዕዘን ቆረጥ አድርጋችሁ ጫፎቹን አሹሉ፤ የወንጭፍ ማቀፊያ ቅርፅ ይይዛል። ሁለቱን ሹል ጫፍ አጥፋችሁ ስፉና ገመድ አሳልፉበት። መሃሉን በሁለት ቦታ ቆንጠር አድርጋችሁ ብትሰፉት እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል፤ ኳሷ ቶሎ አታመልጥም፣ ግን ደግሞ አትቀረቀርም። ቆዳ ካላችሁ የተሻለ ነው። የእኔ ሁለተኛው ማቀፊያ የተሠራው ሊስትሮው «ይህ አይጠገንም» ካለኝ ጫማ ምላስ ነው።

ከክንዱ ጫፍ እስከ ማቀፊያው መሃል 75 ሳንቲም ይሁን። አንዱን ገመድ ከጫፉ 3 ሳንቲም ዝቅ ብሎ በተበሳ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ቋጥሩት። ሌላኛው ጫፍ ላይ የቁልፍ ቀለበቱን እሰሩ። ቀለበቱን ምስማሯ ላይ ሰክታችሁ ሁለቱንም ወጥሩና እዩ። እኩል ካልሆኑ ማቀፊያው ያዘነብላል፣ ኳሷም ወደ ጎን ትሄዳለች። የሚለጠጥ ገመድ በፍጹም አትጠቀሙ። ሲባጎ ይሠራል፤ ብቻ መጀመሪያ አርጥባችሁ፣ ወጥራችሁ አድርቁት፤ አለበለዚያ እየረዘመ ሒሳባችሁን ያፋልሳል።

ምስማሯ ክንዱ ጫፍ ላይ፣ በርዝመቱ አቅጣጫ ትገባለች። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ቀድማችሁ በቀጭኑ ብሱት። 3 ሳንቲም ወደ ውጭ ትቅር። ጭንቅላቷን ቁረጡና ጫፏን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጥፍራችሁን አሳልፉበት፤ ትንሽ ካከከ ገና ነው። ቀለበቱ የሚሾልከው በዚህች ጫፍ ስለሆነ ትንሽ ሸካራነት ውርወራውን ሁሌም የተለያየ ያደርገዋል። በመጨረሻም ክንዱ ተጎትቶ ሲታሰር ወደ ሰማይ ወደሚያየው ጎን ጥቂት አጉብጧት። ከዚያ በላይ ያለውን ጉብጠት ሜዳው ራሱ ይነግራችኋል።

ማስለቀቂያው

ከኋላኛው አጭር ሞራሌ ላይ የብረት ቀለበት አጥብቁ። ክንዱ ላይ ከጫፉ 15 ሳንቲም ዝቅ ብሎ አጭር ገመድ እሰሩ፤ መጨረሻው ቋጠሮ ያለው ቀዳዳ ይሁን። ክንዱን ወደ ታች ጎትታችሁ የገመዱን ቀዳዳ በብረት ቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ምስማር አስገቡበት። ምስማሩ ገመዱን ተመልሶ እንዳይወጣ ያግደዋል። ምስማሩ ላይ 4 ሜትር ገመድ እሰሩ። ሲሳብ ምስማሩ ይወጣል፤ ገመዱ ይሾልካል፤ ክንዱ ይነሳል።

ጫፉ ላይ ሆናችሁ ስትይዙት ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ጉልበት ነው የሚጠይቀው። አያታልላችሁ። ሲለቀቅ በፊቱ ያለ አገጭ ላይ የሚያርፈው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ማስለቀቂያው ላይ ምስማር ሳይገባ ማንም ወንጭፍ አይነካም። ልጆች ካሉ ክንዱን ከመሠረቱ ጋር የሚያስር ሁለተኛ ገመድ ጨምሩና መጨረሻ ላይ ፍቱት።

ሜዳ ላይ

ሰው የማያልፍበት፣ ከፊትም ከኋላም ቢያንስ 40 ሜትር ክፍት የሆነ ሜዳ ምረጡ። ከኋላም ያልኩት የእትዬን ቆርቆሮ አስታውሼ ነው። ሁላችሁም በጎን በኩል ቁሙ። ከፊትም ከኋላም አትቁሙ። ድንጋይ አትወርውሩ። ጠርሙስና ድንችም አይሁን። ያለ ኳስ ደግሞ በባዶው አትልቀቁት፤ ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ ክንዱን ይሰብራል።

በ2 ሊትር አሸዋ ጀምሩ። ክንዱን እሰሩ፤ ማቀፊያውን በመንሸራተቻው ጣውላ ላይ ወደ ፊት ዘርጉ፤ ኳሷን አስቀምጡ፤ ቀለበቱን ምስማሯ ላይ ስኩ። ገመዱ እንዳልተጠማዘዘ እዩ። ራቅ በሉ። «ልቀቅ?» «ልቀቅ!» ተባባሉና ሳቡ። መሠረቱ ሲዘል ካያችሁ በየማዕዘኑ ችካል ምቱ።

ከዚያ ኳሷን ተመልከቱ። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ከሄደች ወንጭፉ ቶሎ ለቋል፤ ምስማሯን ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ውርወራው አቅጣጫ ጨምራችሁ አጉብጡ። ከፊታችሁ መሬት ላይ ከተፈጠፈጠች ዘግይቶ ለቋል፤ ምስማሯን ቀና አድርጉ። ጨርሶ ካልለቀቀ ምስማሯ ከመጠን በላይ ጎብጣለች ወይም ጫፏ ሸካራ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ አንዴ ምስማሩንም ገመዱንም አብሬ ቀይሬ የቱ እንደሠራ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የእህቴ ልጅ ከዚያ በኋላ ደብተር ያዘ፤ «ጋሼ፣ አሁን ምን ነካህ?» እያለ ይጽፋል።

አካሄዱ ሲስተካከል አሸዋውን ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 4 ሊትር አሳድጉ። ክብደት በጨመራችሁ ቁጥር ቡሎኖቹንና የክንዱን ቀዳዳ ፈትሹ። ስንጥቅ ካያችሁ እዚያው አቁሙ።

ምን ያህል ይሄዳል? 6 ኪሎ ጭነት በዚህ ማሽን ወደ 36 ሳንቲም ይወድቃል። ጉልበቱ ሁሉ ኳሷ ላይ ቢያርፍና በ45 ዲግሪ ብትለቀቅ ከ70 ሜትር በላይ ትሄድ ነበር። ግን ክንዱም ይወስዳል፣ ጀሪካኑም ተወዛውዞ ይበላል፣ ዘንጉም ይፋተጋል፣ አየሩም አለ። እኛ ያገኘነው 24 ሜትር ነው፤ በወረቀቱ ላይ ካለው ሲሶ ብቻ። ከ15 ሜትር ካለፋችሁ ማሽናችሁ ጤነኛ ነው። ሩቅ ከመወርወር ይልቅ ደግሞ አንድ ቦታ ደጋግሞ ማሳረፍ ይጣፍጣል። አሮጌ ሳፋ 20 ሜትር ላይ አስቀምጡና ከአሥር ስንቱን እንደምታስገቡ ተወራረዱ።

ስትጨርሱ አሸዋውን እዚያው አፍስሱት። ዳዶዎቹን ፍቱ፤ እግሮቹን እንደ መቀስ እጠፉ፤ ትንንሹን ዕቃ ጀሪካኑ ውስጥ ክተቱ። ሁሉም ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፤ ክንዱ ብቻ ብቅ ይላል። ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ታክሲ ላይ ረዳቱ «አልጋ ነው እንዴ? የዕቃ ይከፈላል» አለን። ትሬቡሼ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ይሁን፣ እሱም ይከፈላል» አለ።